የድሮ ወታደራዊ ስኮፕ በአንድ ምልክት አይለይም፦ የምላሽ ጽሑፍ

ሰሞኑን ስለ ድሮ ወታደራዊ የጠመንጃ ማነጣጠሪያ መነጽሮች፣ በተለምዶ ስኮፕ ስለምንላቸው ዕቃዎች፣ የተጻፈ አንድ መመሪያ ብዙ ሰው ሲቀባበለው አየሁ። ጽሑፉ ለጀማሪ ሰብሳቢ የታሰበ ነው። ቋንቋው ይገባል፤ ፍሰቱም ጥሩ ነው። ይዘቱ ግን አሳስቦኛል። ምክሮቹ ባጭሩ እነዚህ ናቸው። የፋብሪካና የሠራዊት ምልክት ያለበት ኦሪጅናል ነው፤ የሌለበት አይደለም። ዝገትና ጭረት የዕድሜ ማስረጃ ነው። ሌንሱ ሰማያዊ ነጸብራቅ ካለው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተቀየረ ነው። በሌንሱ ውስጥ የሚታየው የማነጣጠሪያ መስቀል ከመሃል ከሸሸ ስኮፑ ተበላሽቷል። የስኮፑና የጠመንጃው ቁጥር ካልገጠመ ፎርጅድ ነው። ከመሸጥ በፊት መወልወልና ብረቱን በጥቁር ቅብ እንደገና ማጥቆር ዋጋ ይጨምራል። ዋጋ ለማወቅ ደግሞ ሻጮች የሚጠሩትን ማየት ይበቃል።

ከነዚህ አንዳንዶቹ በከፊል እውነት አላቸው። አብዛኞቹ ግን የገዢን ገንዘብ ያስበላሉ። አንዱ ዕቃውን ራሱን ያጠፋል። ስለዚህ በየተራ ልመልስ። ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።

ከምልክቱ ልጀምር፤ ትልቁ ጣጣ ያለው እዚያ ነው። ጽሑፉ የጀርመን ፋብሪካዎችን የሦስት ፊደል ኮድ ዘርዝሮ «ኮዱ ካለ ነገሩ አለቀ» ይላል። ዝርዝሩ ትክክል ነው። «ቢኤልሲ» የየናው ካርል ዛይስ ነው። «ቢኤምጄ» የቬትስላሩ ሄንሶልት፣ «ዲዲኤክስ» የብራውንሽቫይኩ ፎክትሌንደር፣ «ሲኤክስኤን» የራተኖው ኤሚል ቡሽ፣ «ሲኤዲ» ደግሞ የቪየናው ካህሌስ ነው። ኮዱ የወጣው ጠላት ፋብሪካው የት እንዳለ እንዳያውቅ ነበር። ዛሬ ግን ዝርዝሩ የማንም ነው። ፎርጅድ የሚሠራው ሰው ከእኛ ሁሉ በፊት አጥንቶታል።

ስለዚህ የተጻፈውን ከማንበባችሁ በፊት እንዴት እንደተጻፈ እዩ። አሥር እጥፍ የሚያጎላ ትንሽ አጉሊ መነጽር ይበቃል። በመምቻ የተመታ ፊደል ብረቱን ገፍቶ ዳር ዳሩ ላይ ትንሽ ጉብታ ይተዋል። በመቅረጫ ማሽን የተቆፈረ ፊደል ጫፉ ክብ ነው፤ ውስጡም የመሣሪያው የመሽከርከሪያ ጭረት ይታያል። በሌዘር የተጻፈ ግን ጥልቀቱ ከዳር እስከ ዳር እኩል ነው። ወለሉ በጥቃቅን ትይዩ መስመሮች የተሞላ ነው፤ ጠርዙም የተቃጠለ ይመስላል። የዓለም የመጀመሪያው ሌዘር የሠራው በ1960 ነው። በ1943 ተሠራ የተባለ ስኮፕ ላይ የሌዘር ጽሑፍ ካገኛችሁ ሌላ ጥያቄ አያስፈልግም።

ቀጥሎ የትኛው ከየትኛው እንደቀደመ እዩ። ምልክቱ ብረቱ ከመጥቆሩ በፊት ከተመታ ቅቡ በፊደሉ ውስጥም ይወርዳል። ከጠቆረ በኋላ ከተቆፈረ ውስጡ ባዶ ብረት ነው፤ አንዳንዴ በነጭ ቀለም ይሞላል። ሁለቱም አሠራር በፋብሪካ ነበር። መጠየቅ ያለበት ያ ፋብሪካ በዚያ ዓመት በየትኛው ይሠራ እንደነበር ነው። ይህን የሚመልሰው የማያጠራጥር ዕቃን አጠገቡ አድርጎ ማነጻጸር ነው። ደግሞም ፊደሉ ከአካባቢው ብረት ጋር አብሮ ማርጀት አለበት። ዙሪያው በእጅ ተነክቶ ተነክቶ ነጥቶ፣ ፊደሎቹ ግን ጠርዛቸው እንደ አዲስ ስለታም ከሆነ፣ ፊደሎቹ በኋላ ነው የመጡት።

ዓመቱም ይናገራል። የፊደል ኮዶቹ ሥራ ላይ የዋሉት በ1940 ገደማ ነው። ባለ ሦስት ፊደል ኮድና 1937 የሚል ዓመት አንድ ላይ ካያችሁ አንዱ ውሸት ነው።

ከሁሉም የሚከፋው ፎርጅድ በእውነተኛ የዘመኑ ዕቃ ላይ የውሸት ምልክት የተጨመረበት ነው። የአሜሪካ ማሪን ኮርፕስ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከዩነርትል ኩባንያ 8 እጥፍ የሚያጎላ ስኮፕ ገዝቶ በስፕሪንግፊልድ ኤም1903ኤ1 ጠመንጃ ላይ ገጥሟል። እነዚያ ስኮፖች «ዩኤስኤምሲ-ስናይፐር» የሚል ጽሑፍ ነበረባቸው። ይኸው ኩባንያ ለሲቪል የዒላማ ተኳሾችም በጣም የሚመሳሰል ስኮፕ ይሸጥ ነበር። ቱቦው እውነተኛ ነው፣ ሌንሱ እውነተኛ ነው፣ ዕድሜውም እውነተኛ ነው። የተጨመረው አንድ መስመር ጽሑፍ ብቻ ነው። የዋጋው ልዩነት ግን የሰማይና የምድር ነው። «ምልክቱ ካለ አለቀ» የሚል ምክር ጀማሪውን ቀጥታ እዚህ ወጥመድ ውስጥ ይከተዋል።

የዚያው ምክር ሌላኛው ግማሽም ልክ አይደለም። የሠራዊት ምልክት የሌለው ሁሉ የሲቪል አይደለም። ጦርነቱ ሲጀመር የጀርመን ሠራዊት በቂ ስኮፕ አልነበረውም። ከገበያ የአደን ስኮፖችን እየገዛ ጠመንጃ ላይ ገጠመ፤ የዛይስ ጺልፊር፣ የሄንሶልት ዲያሊታን፣ የካህሌስ ሄሊያፊር፣ አያክም አሉበት። የፋብሪካቸውን ሙሉ የንግድ ስም እንደያዙ ነው ጦር ሜዳ የሄዱት። አሜሪካም እንዲሁ አድርጋለች። ሬሚንግተን ወደ 28 ሺህ ገደማ የሠራው ኤም1903ኤ4 ላይ የተገጠመው የዊቨር 330 የአደን ስኮፕ ነበር። ሠራዊቱ ኤም73ቢ1 የሚል ስም አወጣለት፤ የንግድ ስሙን ብቻ ይዘው የገቡም ግን አሉ። እንዲህ ያለውን ስኮፕ ወታደራዊ የሚያሰኘው ከጠመንጃው ጋር የሚያያይዘው መያዣ፣ ጠመንጃውና ወረቀቱ ነው። በጽሑፉ ምክር የሚሄድ ሰው አንገቱን ነቅንቆ ጥሎት ያልፋል።

ስለ ዝገት ጽሑፉ «ዝገት አይዋሽም» ይላል። ይዋሻል እንጂ። አቼቶና ጨው፣ አሲድ ወይም ትንሽ ጊዜ እርጥብ አፈር ውስጥ መቅበር ብረትን በአጭር ጊዜ ያስረጃል። እንዲህ የመጣ ዝገት ብዙውን ጊዜ ቀላ ብሎ ዱቄት ዱቄት ይላል፤ በሁሉም ቦታ ደግሞ እኩል ነው። የቆየ ዝገት ጠቆር ያለ ቡናማ ነው፤ ብረቱ ላይ ተጣብቋል። ከቀለሙ በላይ ግን ቦታው ነው የሚያወራው። ስኮፑ ለዓመታት በመያዣ ቀለበት ተጨብጦ ከኖረ ከቀለበቱ ስር ያለው ቅብ ሙሉ ሆኖ ይቀራል፤ በቀለበቱ ጠርዝም ቀጭን መስመር ይወጣል። ማነጣጠሪያውን የሚያስተካክሉት ማዞሪያዎች ጣት በሚያርፍባቸው ቦታ ይነጣሉ። የሌንሱ ክዳን የሚገባበት ጫፍ ይታሻል። ማንም እጁን የማያስገባበት ስርጓጉጥ ቦታ ደግሞ ጥቁሩን እንደያዘ ይቆያል። አገልግሎት የሚያስረጀው እዚህም እዚያም ነው፤ ሁሉንም እኩል አያስረጅም።

ብሎኖቹንም እዩ። ባለ መስቀል ጭንቅላት ብሎን በአሜሪካ ገበያ ላይ የዋለው በ1930ዎቹ አጋማሽ ነው። በጦርነቱ ዘመን የጀርመን ወይም የሶቪየት ስኮፕ ላይ ስታገኙት ሰው እንደቀየረው ቁጠሩት። ባለ አንድ መስመር ብሎንም ቢሆን መስመሩ ባልሆነ ካቻቢቴ ተበልቶ ከሆነ ስኮፑ ተከፍቷል። ተከፍቷል ማለት ፎርጅድ ነው ማለት አይደለም። ከውስጥ ምን እንደተነካ ግን መጠየቅ አለበት።

አሁን ወደ ሌንሱ። ሰማያዊ ወይም ወይን ጠጅ ነጸብራቅ ያለው ሌንስ ከጦርነቱ በኋላ ነው የመጣው የሚለው አባባል በታሪክ ስህተት ነው። ነጸብራቅ የሚቀንሰውን ስስ ቅብ የፈጠረው የዛይስ ባለሙያው አሌክሳንደር ስማኩላ ነው፤ የባለቤትነት ማመልከቻው የ1935 ነው። ጀርመን በጦርነቱ ጊዜ ወታደራዊ መነጽሮቿ ላይ ተጠቅማበታለች። አሜሪካና ብሪታንያም ጦርነቱ ሳያልቅ የራሳቸውን ቅብ ይጠቀሙ ነበር። ስለዚህ ስስ ሰማያዊ ነጸብራቅ ለብቻው ምንም አያረጋግጥም፤ ምንም አያፈርስም። የሚያጠራጥረው ሌላ ነው። በመብራት ስታዩት አረንጓዴና ቀይ ነጸብራቅ የሚደራርብ ሌንስ ባለ ብዙ ድርብ ቅብ ነው። ያ ዓይነት ቅብ በገበያ የተስፋፋው ከ1970ዎቹ ወዲህ ነው።

ጽሑፉ ጨርሶ ያላነሳው የሌንሱ ሙጫ ነው። በዚያ ዘመን ሁለት ሌንሶች የሚጣበቁት በአብዛኛው ካናዳ ባልሳም በሚባል የዛፍ ሙጫ ነበር። ሙጫው ሲያረጅ ከዳር ጀምሮ ቢጫ ይላል፣ አረፋ ያወጣል፣ አንዳንዴም ቅጠል የመሰለ ቅርጽ ይዞ ይለያያል። እይታን ይቀንሳል፤ ይህ እውነት ነው። ግን ለማስመሰል የሚከብድ ማስረጃ ነው። እንደ አዲስ ጥርት ያለ የ80 ዓመት ሌንስና ዳሩ ቢጫ ያለ ሌንስ ቢቀርቡልኝ ብዙ ጥያቄ የምጠይቀው ስለ ጥርቱ ነው። ውስጡ ጉም መያዙም እንደዚሁ ነው። በናይትሮጅን ተሞልተው ጉም የማይዙ ስኮፖችን የአሜሪካው ሊዮፖልድ ኩባንያ ለገበያ ያቀረበው በ1947 ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ ስኮፕ እርጥበት ቢያስገባ ተፈጥሮው ነው።

በነገራችን ላይ፣ የብሪታንያው ትራይለክስ ስኮፕ በጨለማ ካልበራ ዋጋ የለውም የሚል አንድ መስመርም ጽሑፉ ውስጥ አለ። የትራይለክስ መብራት በትሪቲየም ነው የሚሠራው። ትሪቲየም በየ12.3 ዓመቱ በግማሽ ይቀንሳል። ከ40 ዓመት በኋላ የሚቀረው አንድ አሥረኛው ገደማ ነው። ስለዚህ የ1970ዎቹ ስኮፕ ደምቆ ከበራ የመብራቱ ጠርሙስ ተቀይሯል። ደብዛዛው ነው እውነተኛው። ጠርሙሱን ለማየት ብሎ መክፈት ግን በፍጹም አይገባም፤ ራዲዮአክቲቭ ጋዝ ነው።

የመስቀሉ ጉዳይ ላይ ቆም ልበል፤ እዚህ ላይ ጽሑፉ ነገሩን ገልብጦታል። «መስቀሉ መሃል ላይ ከሌለ ስኮፑ ተበላሽቷል፣ ዋጋውን በግማሽ ቀንሱ» ይላል። ዛሬ በምንገዛቸው ስኮፖች ማዞሪያውን ስናዞር መስቀሉ ሁልጊዜ መሃል ይታያል። ውስጥ ያለው የሌንስ ቱቦ ከመስቀሉ ጋር አብሮ ስለሚንቀሳቀስ ነው። ይህ አሠራር የተለመደው ከ1950ዎቹ ወዲህ ነው። በጦርነቱ ዘመን በነበሩት አብዛኞቹ ስኮፖች ውስጥ ግን መስቀሉ ወይም ቀስት የመሰለው ምሰሶ በትንሽ ተንሸራታች ላይ ነው የተቀመጠው። ማዞሪያው የሚያንቀሳቅሰው እሱን ራሱን ነው። ሶቪየታዊው ፒዩ ላይ፣ የብሪታንያው ቁጥር 32 ላይ፣ የጀርመን ባለ 4 እጥፍ ስኮፖች ላይ ማዞሪያውን አዙራችሁ ብትመለከቱ ምልክቱ በዓይናችሁ ፊት ከመሃል ይሸሻል። ሲሠሩም እንዲህ ነበር የታሰቡት።

እንግዲህ ምርመራው ከጽሑፉ ምክር በተቃራኒ ነው። የ1943 ነው የተባለ፣ ማዞሪያው እንደ ዩነርትል መያዣው ላይ ሳይሆን ቱቦው ላይ ያለ ስኮፕ፣ ማዞሪያውን ብታዞሩት መስቀሉ መሃል ላይ ድርቅ ካለ፣ ውስጡ የዘመናችን ዕቃ መሆኑን ጠርጥሩ። ቢሸሽ ደግሞ ገና አልተረጋገጠም፤ አንድ ጥያቄ አለፈ ማለት ብቻ ነው፤ ጥሩ ቅጂዎች ይህንንም ይኮርጃሉ። ምርመራው ካቻቢቴ አይፈልግም፣ ገንዘብ አይፈልግም፣ ሻጩ ፊት በደቂቃ ያልቃል። ለጀማሪ የሚሰጥ ከዚህ የተሻለ ምክር አላውቅም፤ ጽሑፉ ግን ሰውን ከዚሁ ነው ያስሸሸው።

መስቀሉ በጣም ርቆ ከሸሸ የሚነግረን ሌላም ነገር አለ። ስኮፑና መያዣው ከጠመንጃው ጋር በትክክል አልተጣጣሙም ማለት ነው። ያኔ ስኮፑ ከሌላ ጠመንጃ የመጣ ሊሆን ይችላል። ይህ ወደ ቁጥሩ ይወስደናል።

ቁጥር መግጠሙ ዋጋ ይጨምራል የሚለውን እቀበላለሁ። ጽሑፉ ልክ የሆነበት ነጥብ ነው። የብሪታንያው ቁጥር 4 (ቲ) ጠመንጃ ጥሩ ምሳሌ ነው። ከ20 ሺህ በላይ የሚሆኑት በሆላንድ ኤንድ ሆላንድ ነው ለአልሞ ተኳሽ የተዘጋጁት። ስኮፑ መጀመሪያ ለብሬን መትረየስ የታሰበው ባለ 3 እጥፍ ቁጥር 32 ነው። የስኮፑ ቁጥር በጠመንጃው እንጨት ላይ፣ እጅ በሚጨብጠው ቀጭን ቦታ ላይ ይመታል። የጠመንጃው ቁጥር ደግሞ በስኮፑ መያዣ ላይ ይጻፋል። ሦስቱ ከተስማሙ ትልቅ ነገር ነው።

ጽሑፉ የሚስተው ከዚህ ቀጥሎ ነው። ካልገጠመ ፎርጅድ ነው ማለት ሠራዊት ዕቃውን እንዴት እንደሚጠቀም መርሳት ነው። ስኮፕ ይሰበራል። ጠግኚው ሌላ ይገጥምና የድሮውን ቁጥር ሰርዞ አዲሱን አጠገቡ ይመታል። እንጨቱ ላይ አንድ የተሰረዘና አንድ ያልተሰረዘ ቁጥር ያለው ጠመንጃ የአገልግሎት ታሪኩን በራሱ ላይ ይዟል። በሶቪየት በኩል ይህ ይበልጥ የተለመደ ነው። ፒዩ ባለ 3.5 እጥፍ ስኮፕ መጀመሪያ ለኤስቪቲ-40 ጠመንጃ ነበር የተሠራው፤ ከ1942 ጀምሮ ሞሲን በሚባለው ጠመንጃ ላይ በብዛት ገባ። ከጦርነቱ በኋላ ጠመንጃዎቹ ወደ መጠገኛ ዴፖ ገብተው ስኮፖቹ ተቀያየሩ፣ ቁጥሮቹም ተሰርዘው እንደገና ተጻፉ። የዴፖ ጥገና ከፋብሪካ ኦሪጅናል ያነሰ ዋጋ አለው፤ ፎርጅድ ግን አይደለም። ሁለቱን መደባለቅ የእውነተኛ ዕቃ ባለቤትን ያከስራል።

በዚያ ላይ ፍጹም የገጠመ ቁጥር ራሱ ይመረመር። ብዙ የሞሲን አልሞ ተኳሽ ጠመንጃዎች ከጦርነቱ በኋላ ወደ ተራ እግረኛ ጠመንጃነት ተመልሰዋል፤ የመያዣው ቀዳዳም ተደፍኗል። ዛሬ ሰዎች እነዚህን ከፍተው፣ አዲስ የተሠራ መያዣ ገጥመው፣ ፒዩ አስቀምጠው፣ ቁጥሩን መትተው ይሸጣሉ። ቁጥሮቹ አንድ ላይ ሲገጥሙ የአኃዞቹን ቅርጽ አነጻጽሩ። በፋብሪካ የተመታው 4 እና 7 ከዛሬው መምቻ ጋር ብዙ ጊዜ አይመሳሰሉም። ከጦርነቱ በኋላ ሮማኒያ ውስጥ የተሠሩ ፒዩዎችም እንዳሉ አትርሱ። እውነተኛ ወታደራዊ ዕቃ ናቸው፤ የስታሊንግራድ ዕቃ ተብለው ግን ሊሸጡ አይገባም።

ከሁሉ ያሳዘነኝ የማጽዳቱ ምክር ነው። ጽሑፉ በብርጭቆ ወረቀት ዝገቱን አንሱ፣ እንደገና አጥቁሩ፣ ፊደሎቹን በነጭ ቀለም ሙሉ ይላል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ! እስካሁን የዘረዘርኳቸው ማስረጃዎች፣ ማለትም የፊደሉ ጉብታ፣ የቀለበቱ መስመር፣ ስርጓጉጥ ቦታ የቀረው ጥቁር፣ ሁሉም ያሉት በብረቱ የላይኛው ስስ ገጽ ላይ ነው። ያንን ስትወለውሉ ስኮፑ እውነተኛ መሆኑን የሚመሰክረውን በገዛ እጃችሁ ትፍቃላችሁ። ከዚያ በኋላ ማንም ባለሙያ ሊያረጋግጥላችሁ አይችልም። ልምድ ያለው ገዢም እንደገና የጠቆረ ስኮፕ ሲያይ የሚያስበው ምን ለመደበቅ እንደተፈለገ ነው። ከጥቂት ጊዜ ውበት ጋር የተለወጠው የማይመለስ ነገር ነው።

ማድረግ የሚቻለው ትንሽ ነው። ለስላሳ ጨርቅና ጥቂት የማሽን ዘይት ብረቱ ላይ ብቻ። ሌንሱ ላይ መጀመሪያ አቧራውን በአየር ማራገፍ፤ አሸዋ እያለ መጥረግ የድሮውን ለስላሳ ቅብ ይቧጭራል። ስኮፑን አለመክፈት። ደረቅ ቦታ ማኖር። የቆዳ ሳጥን ውስጥ ዘግቶ አለማስቀመጥ፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ ሻጋታም ሌንሱ ላይ ይወጣል። ከመንካት በፊት ከየአቅጣጫው ፎቶ አንሱ ማለቱ ግን የጽሑፉ ጥሩ ምክር ነው፤ እደግፈዋለሁ።

ስለ ዋጋ። ሻጭ የሚጠራው ምኞቱን ነው። ለወራት ሳይሸጥ የቆመ ዕቃ ዋጋ ማንም ያልተቀበለው ዋጋ ነው። መታየት ያለበት በጨረታ ላይ በእርግጥ የተሸጠበት ነው፤ እሱም የጨረታ ቤቱ ኮሚሽን የተጨመረበት ይሁን ያልተጨመረበት ተለይቶ። ጽሑፉ ስኮፑን ብቻ ነጥሎ መተመኑም ያሳስታል። አንዳንዴ ከባዱ ነገር መያዣው ነው። ጀርመናዊው ባለ 1.5 እጥፍ ጼድኤፍ41 በብዛት ስለተሠራ እንደ ሌሎቹ ብርቅ አይደለም፤ ከነትክክለኛ መያዣው፣ ከነቆርቆሮ ሳጥኑና ከነዝናብ መከላከያው ሲገኝ ግን ሌላ ታሪክ ነው። አንድ ላይ የኖሩትን ዕቃዎች ለየብቻ መቸርቸር የዛሬ ሻጭን ይጠቅም ይሆናል፤ መልሶ የሚሰበስባቸው ግን የለም።

ጽሑፉ «ታሪክ ያለው ስኮፕ እጥፍ ያወጣል» ማለቱንም ልንካው። ታሪክ ዋጋ የሚኖረው ወረቀቱ የስኮፑን ቁጥር ሲጠቅስ ነው። ሶቪየታዊው አልሞ ተኳሽ ቫሲሊ ዛይትሴቭ በስታሊንግራድ ገደለው የተባለው የጀርመን አልሞ ተኳሽ፣ ሜጀር ኮኒግ፣ ስኮፕ ነው ተብሎ ሞስኮ በሚገኘው የጦር ኃይሎች ሙዚየም የቀረበ ስኮፕ አለ። ብዙ የታሪክ ምሁራን ግን ኮኒግ የሚባል ሰው በእርግጥ መኖሩን ራሱ ይጠራጠራሉ። ስኮፑ እውነተኛ ቢሆንም ታሪኩን አያረጋግጥም። ሙዚየም ውስጥ ያለው እንዲህ ከሆነ በቃል ብቻ የመጣ ታሪክ ላይ ገንዘብ መጨመር አይገባም። ወረቀቱ ሲቀርብ ደግሞ በአልትራቫዮሌት መብራት እዩት። ወረቀትን የሚያነጣው ኬሚካል የተስፋፋው ከ1950 ገደማ በኋላ ነው፤ የ1944 ሰነድ በመብራቱ ስር ደምቆ ሰማያዊ ካበራ ወረቀቱ አዲስ ነው።

ለመግዛት የምታስቡ ከሆነ ሻጩን የምልክቶቹን ቅርብ ፎቶ፣ ከቀለበቱ ስር ያለውን ብረት፣ የብሎኖቹን ጭንቅላት፣ ማዞሪያው ወዲያና ወዲህ ዞሮ በሌንሱ በኩል የተነሳ ሁለት ፎቶ ጠይቁ። በአገራችሁ ሕግ ስኮፑ ብቻውን እንደ መሣሪያ አካል ይቆጠር እንደሆነም አስቀድማችሁ አጣሩ። ፎቶዎቹን የሚከለክል ሻጭ ከሆነ ዋጋው ምንም ያህል ቢያጓጓ ተዉት።